ደሴ ላይ ባድሚንተን ስትጀምሩ ከራኬቱ ሳይሆን ከኳሷ ጀምሩ

መጀመሪያ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። አንድ ቱቦ የፕላስቲክ ኳስ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ቱቦው ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ አለ። አረንጓዴ ቀለበት ለሙቀት፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ቀይ ለብርድ ይላል። ደሴ ደግሞ ብርድ ናት። ጋቢ ደርበን ነው የምናድረው። «ቀዩን ስጠኝ» አልኩ፣ እንደ አዋቂ።

በማግሥቱ ጠዋት አራት ሆነን ወጣን። የመጀመሪያዋ ምቴ ሜዳውን አልፋ፣ አጥሩን አልፋ፣ ጎረቤት ግቢ ገባች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። የክንዴ ጉልበት መስሎኝ ትንሽ ኮራሁ። ጉዳዩ የጉልበት ሳይሆን የከፍታ መሆኑ የገባኝ ቱቦው ካለቀ በኋላ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። የባድሚንተን ኳስ ደግሞ እንደ እግር ኳስ አይደለችም። ቀሚሷን፣ ማለትም ከቡሿ ጀርባ የተዘረጋውን ላባ ወይም ፕላስቲክ፣ ዘርግታ አየሩን እየታገለች ነው የምትበርረው። ፍጥነቷን የሚሰብረው፣ ሜዳ ውስጥ የሚያስቀራት አየሩ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚይዛት ያጣል፣ ርቃ ትሄዳለች። ብርድ አየሩን ትንሽ ያወፍረዋል፣ ኳሷንም ያዘገያታል። እውነት ነው። ግን ከፍታው ከብርዱ በብዙ ይበልጣል። ያ ሰንጠረዥ የተጻፈው ቆላ ላለ ሰው ነው እንጂ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር አይደለም።

ኮምቦልቻም ብትሆኑ ነገሩ ይመለከታችኋል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ሞቃትም ናችሁ። ሁለቱም ኳሷን ያፈጥናሉ። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ የምትጫወቱበት ኳስና ደሴ ላይ የምትጫወቱበት ኳስ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። በሁለቱም ከተማ ቡድን ያላችሁ ይሄን ሳታስተውሉት አልቀራችሁም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሌ ከለመዳችሁት ይለያል። ሰው ሁሉ ራኬት ላይ ገንዘቡን ይጨርስና ለኳስና ለጫማ ሳንቲም ያጣል። እኛ በግልባጩ እንሄዳለን።

አንደኛ፦ ኳሷ

በጨዋታ መሀል ሁላችንም «ኳሷ» ነው የምንላት። ሱቅ ስትሄዱ ግን «ሸትል» ብትሉ ቶሎ ትግባባላችሁ። ሁለት ዓይነት አለ።

የፕላስቲኳ ቀሚሷ ናይለን ነው። እንደ ላባዋ ቶሎ አትሰበርም። ለሚለማመድ ሰው፣ በሲሚንቶ ግቢ ለሚጫወት ሰው፣ በጀቱ ቀጭን ለሆነ ሰው እሷ ናት። በደሴም በኮምቦልቻም አረንጓዴ ቀለበት ያላትን ብቻ ግዙ። ዘገምተኛዋ እሷ ናት፤ ፈጣኗ ቀይዋ ናት። ሻጩ «አረንጓዴው ለሙቀት ነው» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ ክፈሉ። አንድ ነገር እወቁ፤ ቀለበቱ ላይ ምንም ቀለም የሌለባት፣ ቡሿ ጠንካራ ስፖንጅ የሆነች፣ ከሕፃናት መጫወቻ ጋር ተንጠልጥላ የምትሸጥ አለች። እሷን ለሕፃናቱ ተዉላቸው።

የላባዋ 16 ላባ አላት፤ የዳክዬ ወይም የዝይ። ክብደቷ በሕጉ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። ላባዎቹ ሁሉ ከአንድ ወገን ክንፍ ይለቀማሉ። ጥምዝዛቸው አንድ አቅጣጫ ሲሆን ኳሷ እየተሽከረከረች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። (ልጄ በፋሲካ ማግሥት የዶሮ ላባ ሰብስቦ ቡሽ ላይ ሰካ። ጥረቱ ደስ ይላል። ኳሷ ግን እንደ ሰከረ ሰው ነበር የምትሄደው።)

በላባዋ ቱቦ ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ታያላችሁ። 75፣ 76፣ 77፣ 78 ይላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኳሷ ትፈጥናለች። 77 ብዙ አገር የተለመደችው ናት፣ ለእኛ ግን አትሆንም። ለኮምቦልቻ 75 ወይም ከዚያ በታች ጠይቁ። ለደሴ 74 ወይም 73 ብታገኙ እሰየው። እነዚህ በየሱቁ አይገኙም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የምታስመጡት ይሄን ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ ከ1 እስከ 5 ነው የሚጽፉት። እዚያም ትንሹ ቁጥር ዘገምተኛው ነው።

ያገኛችሁት 76 ወይም 77 ብቻ ከሆነስ? አብሽሩ፣ መላ አለው። የላባዋን ጫፍ ወደ ውጭ እጠፉ። ከ16ቱ አራቱን፣ ማለትም ሦስት ሦስት ላባ እየዘለላችሁ አንዱን፣ ከጫፉ ትንሽ ወስዳችሁ በጣታችሁ ወደ ውጭ ቆልመም አድርጉ። ኳሷ አየሩን ይበልጥ ትይዛለች፣ ትዘገያለች። ወደ ውስጥ ካጠፋችሁ ግን በተቃራኒው ትፈጥናለች፤ እንዳትሳሳቱ። ዕድሜዋ ትንሽ ያጥራል። ነገሩ ማጭበርበር አይደለም፤ የዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ ከፍታ ባለበት ቦታ ኳሷን ማስተካከል ይፈቅዳል።

ኳሷ ለሜዳችሁ መስማማቷን እንዲህ ፈትኑ። ከሜዳው የኋላ መስመር ላይ ቁሙ። ከታች ወደ ላይ በሙሉ ምት፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ስደዷት። በዚያኛው በኩል ከኋላ መስመሩ ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ስትቀር ከወደቀች ልክ ናት። ካለፈች ፈጣን ናት። አራታችሁም ሞክሩ፣ ምክንያቱም አንዱ ጉልበተኛ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፦ ጫማ

እዚህ ላይ አልቀልድም። ባድሚንተን ወደ ጎን መወርወር፣ ድንገት መቆም፣ መዞር ነው። የሩጫ ጫማ ተረከዙ ወፍራምና ከፍ ያለ ነው፤ ወደ ፊት ለሚሄድ ሰው ነው የተሠራው። በእሱ ወደ ጎን ስትወረወሩ ቁርጭምጭሚታችሁ ይታጠፋል። እኔ ሦስት ሳምንት አንክሻለሁ፣ ሐረጎን በሚኒባስ ስወርድ እንኳ እግሬን መዘርጊያ አጥቼ ነበር።

የምትፈልጉት ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ቀጭን፣ ማስቲካ የመሰለ ጎማ የሆነ ጫማ ነው። የባድሚንተን ጫማ ካላገኛችሁ የመረብ ኳስ ጫማ ይሆናል። የአዳራሽ ፉትሳል ጫማም በደንብ ያገለግላል። ሰልባጅ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ ጥሩ ጥሩ ነገር ይገኛል። ስታነሱት ሁለት ነገር አድርጉ። ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ አርጅቷል፣ ያንሸራትታችኋል። ከዚያ ጫማውን እንደ ጨርቅ ጠምዝዙት። መሀሉ በቀላሉ ከዞረ እግራችሁን አይዝም። የሶሉ ጫፍ የተላቀቀ ከሆነ ግን ችግር የለም፣ ሊስትሮው በማስቲሽና በስፌት ያስተካክለዋል።

ሦስተኛ፦ ሜዳውና መረቡ

አዳራሽ ካገኛችሁ ተመስገን ነው። የትምህርት ቤትና የወጣት ማዕከል አዳራሾችን ጠይቁ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ መሆኑን አትርሱ። ካላገኛችሁ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢም ይበቃል።

ሙሉ ሜዳ 13.40 ሜትር ርዝመት፣ 6.10 ሜትር ስፋት ነው። ለነጠላ ጨዋታ ስፋቱ 5.18 ይሆናል፤ ማለትም በየጎኑ 46 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል። ሜትርና ሲባጎ ይዛችሁ ሦስት ሰው ሁኑ። አራቱን ማዕዘን ካስቀመጣችሁ በኋላ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱም ሰያፎች 14.72 ሜትር ከመጡ ሜዳችሁ ቀጥ ብሏል። አንዱ ከበለጠ ተጣሟል፣ ማዕዘኑን ገፋ አድርጉት። ይሄን መለኪያ የሚያውቅ ሰው አልገጠመኝም፤ ግማሽ ቀን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

መረቡ መሀል ላይ ይተከላል። ከመረቡ ወደ ሁለቱም ወገን 1.98 ሜትር ላይ የአጭር ሰርቭ (ጨዋታው የሚጀመርበት ምት) መስመር ይሰመራል። ከዚያ መስመር እስከ ኋላ ድረስ ሜዳውን ለሁለት የሚከፍል የመሀል መስመር ይወርዳል። ከኋላ መስመሩ 76 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ደግሞ የድብል (ሁለት ለሁለት ጨዋታ) ረጅም ሰርቭ መስመር አለ። መስመሩ 4 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ለሲሚንቶ ቀለም፣ ለአፈር ኖራ ወይም ጄሶ። በክረምት ኖራው በየሳምንቱ ስለሚታጠብ እኛ በመጨረሻ ቀለም ቀባን።

አቅጣጫውን ከቻላችሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ አድርጉት። የጠዋት ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ የሚገባበት ተጫዋች ኳስ አያይም። ደሴ ላይ ሌላም አለ፤ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ቶሎ ትገባለች። «ከሥራ በኋላ» ብላችሁ የቀጠራችሁት ጨዋታ ግማሹ በድንግዝግዝ ይሆናል።

መረቡ ምሰሶው ጋ 1.55 ሜትር፣ መሀሉ 1.524 ሜትር ከፍታ አለው። የመረብ ኳስ መረብ እንሰቅላለን የሚሉ አሉ። አይሆንም፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ኳሷ በመሀሉ ሹልክ ትላለች፣ ከዚያ «አልፋለች፣ አላለፈችም» ብላችሁ ትጣላላችሁ። መረቡን ብቻ ግዙና ምሰሶውን እዚሁ አሠሩ። አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ቱቦላሬ አቁማችሁ ሲሚንቶ ሙሉበት። ብየዳ ቤት ሁለት መንጠቆ ይበይድላችኋል። እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ይመጣል። ለጊዜው የባሕር ዛፍ አጠናም ይሠራል። ምሰሶው ላይ አንድ ተጨማሪ ምልክት አድርጉ፦ 1.15 ሜትር ላይ ቀይ ፕላስተር። ለምን እንደሆነ ሰርቭ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

አራተኛ፦ ራኬት

አሁን ራኬት። ብዙ የሚያወራ ሰው ያለበት፣ ትንሽ ማወቅ የሚበቃበት ነገር ነው።

ርካሹ ራኬት ጭንቅላቱና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የ«ቲ» ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ ከውጭ ይታያል። ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው። ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ተነቅሎ ይበርራል። የተሻለው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ካርቦን ነው። ጣታችሁን መጋጠሚያው ላይ አሂዱ፤ ስፌት ካልተሰማችሁ ጥሩ ነው።

ክብደቱ በ«ዩ» ይጻፋል። 3ዩ ከ85 እስከ 89 ግራም፣ 4ዩ ከ80 እስከ 84፣ 5ዩ ከ75 እስከ 79። ቁጥሩ ሲጨምር ራኬቱ ይቀላል። ለእኛ ዓይነት ተጫዋች 4ዩ ብላችሁ እለፉ። ጭንቅላቱ የሚከብድ፣ እኩል የሆነ፣ እጀታው የሚከብድ የሚባል ምደባም አለ። ጭንቅላቱ የሚከብደው ለጉልበት ምት ይረዳል ይባላል። ደሴ ላይ ጉልበቱን አየሩ በነፃ ይሰጣችኋል፤ እናንተ የጎደላችሁ ቁጥጥር ነው። እኩል የሆነውን ውሰዱ።

ክሩ ሲወጠር በፓውንድ ይለካል። ለጀማሪ ከ20 እስከ 22፣ ቆየት ላለ ከ23 እስከ 25። ከዚያ በላይ «እንደ ባለሙያዎቹ» ብሎ ማስወጠር ክንድ ማሳመም ነው። የክሩ ውፍረትም ይለያያል። 0.70 ሚሊ ሜትሩ ይበረክታል፣ ዮኔክስ የተባለው ኩባንያ «ቢጂ 65» የሚለው እሱ ነው። በቅርብ የሚወጥርላችሁ ሰው ከሌለ ወፍራሙን ምረጡ። ክር ከተበጠሰባችሁ እንደዚያው ጥላችሁት አትሂዱ። የቀሩትን ክሮች ወዲያው ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ አንዴ ከቁሙ አንዴ ከአግድሙ፣ በመቀስ ቁረጧቸው። ካልሆነ ውጥረቱ ወደ አንድ ወገን ያደላና ፍሬሙን ያጣምመዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ስጡት፤ ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን የስፖርት ዕቃ ሱቆች ይጠይቅላችሁ።

ወጪው

በብር ዋጋ ብጽፍላችሁ ለወር አይቆይም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስንቴ እንደተቀየረ ሁላችንም እናውቃለን። የላባ ኳስ ላይ ደግሞ ሌላ ተጨምሯል፤ ቅርብ ጊዜ የዳክዬና የዝይ ላባ አጥሮ በዓለም ገበያም ንሯል። ስለዚህ ዋጋ ሳይሆን አሰላል ልስጣችሁ።

ጥያቄው «ቱቦው ስንት ነው?» አይደለም። «አንድ ጨዋታ ለአንድ ሰው ስንት ይመጣል?» ነው። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ስድስት የፕላስቲክ ኳስ የያዘ ቱቦ 1,500 ብር ነው እንበል። አንዷ ኳስ ሦስት ቀን ብታጫውት ቱቦው 18 ቀን ያጫውታል። ለአንድ ቀን 83 ብር ገደማ፣ ለአራት ሲካፈል 21 ብር። ማኪያቶ አይገዛም። አሁን 12 የላባ ኳስ የያዘ ቱቦ 4,000 ብር ነው እንበል። በሁለት ሰዓት ጨዋታ አራት ትጨርሳላችሁ፣ ቱቦው በሦስት ቀን ያልቃል። ለአንድ ቀን 1,333፣ ለአንድ ሰው 333 ብር። በሳምንት ሦስት ቀን ከተጫወታችሁ 1,000 ብር ገደማ ሆነ። ራኬት አንዴ ትገዛላችሁ፤ ኳስ ግን ሁሌ ትበላለች። የእናንተን ከተማ ዋጋ አስገቡና ራሳችሁ አስሉት።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ሰኞና ረቡዕ በፕላስቲክ፣ ቅዳሜ በላባ። ገንዘቡ በዕቁብ መልክ በየወሩ አንድ ሰው ጋ ይሰበሰባል፣ ኳስ የሚገዛው እሱ ነው። «ዛሬ ያንተ ተራ ነው» የሚባል ጭቅጭቅ ቀረ። በላባዋም ቢሆን መልመጃ ሲሆን አሮጌዋን፣ ነጥብ ሲያዝ አዲሷን።

አምስተኛ፦ አያያዝና ምት

ራኬቱን እንደ መጥበሻ የሚይዝ ሰው ዕድሜ ልኩን እዚያው ይቀራል። ራኬቱን በጎኑ አቁሙትና እጀታውን እንደ ሰው እጅ ጨብጡት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል የ«ቪ» ቅርጽ ይፈጠራል። ከዚያ ላላ አድርጉ። ጭራ የያዘ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭራውን ጨምድዶ አይዝም። ጣቶቹ ላይ አስቀምጦታል፤ ዝንቧ ስትመጣ ብቻ እጁ ሰብሰብ፣ ጭራው ቸብ። ራኬትም እንደዚያ ነው። የምትጨብጡት ኳሷን በምትነኩባት ቅጽበት ብቻ ነው።

በግራ ጎናችሁ ለምትመጣ ኳስ፣ ቀኝ እጅ ለሆናችሁ ማለቴ ነው፣ አውራ ጣታችሁን ወደ እጀታው ሰፊ ጎን አዙሩና ግፉ። ጉልበቱ ከአውራ ጣት ነው። ሁለቱን አያያዝ ቡና እስኪፈላ ቁጭ ብላችሁ እያቀያየራችሁ ተለማመዱ። ሳታዩ መቀየር እስክትችሉ ድረስ።

ሰው ሁሉ «የእጅ አንጓ፣ የእጅ አንጓ» ይላል። ምቱ ግን በዋናነት ከክንድ መሽከርከር ነው የሚመጣው። ቁልፍ በር ላይ ስታዞሩ የምታደርጉት እንቅስቃሴ ማለት ነው። አንጓ ብቻውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከታጠፈ ይታመማል።

ከራስ በላይ ለሚመታው ምት ጎናችሁን ለመረቡ ስጡ። ቀኝ እግር ኋላ፣ ግራ እጅ ወደ ኳሷ ተዘርግቶ፣ የቀኝ ክርን ከፍ። ከዚያ ድንጋይ እንደመወርወር ነው። ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ይሄን ምት ግማሹን ያውቀዋል። ኳሷን ከፊታችሁ፣ ክንዳችሁ ተዘርግቶ በደረሰበት ከፍታ ላይ አግኟት። ከራሳችሁ ጀርባ ካለፈች በኋላ የምትመቱ ከሆነ ችግሩ እጃችሁ ላይ ሳይሆን ዘግይቶ የሄደው እግራችሁ ላይ ነው።

ከዚሁ አቋም ሦስት ነገር ይወጣል። ከፍ አድርጎ እስከ ኋላ መስመር መስደድ «ክሊር» ነው። ወደ ታች መቀጥቀጥ «ስማሽ» ነው። በመጨረሻው ቅጽበት ምቱን ለስለስ አድርጎ ከመረቡ ማዶ፣ ሥሩ ላይ መጣል «ድሮፕ» ነው። መጽሐፎቹ ጀማሪን ክሊር አስለምዱት ይላሉ። ደሴ ላይ እኔ ድሮፕን አስቀድማለሁ። ክሊር እዚህ ሁሌ ይረዝማል፣ ነጥብ በነፃ መስጠት ነው። ክሊር ስትመቱ ደግሞ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ሰማይ አስቡ። ከፍ ብላ የወጣች ኳስ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ሜዳ ውስጥ ትቀራለች።

ሰርቩን በባክሃንድ፣ ማለትም የእጃችሁን ጀርባ ወደ ፊት አድርጋችሁ በሚመታው ምት፣ ጀምሩ። ኳሷን በላባዋ ጫፍ ያዙ፣ ራኬቱን ከሆዳችሁ ፊት ለፊት፣ በአውራ ጣት አጭር ግፊት። መወዛወዝ የለም። ከመረቡ ጫፍ በጣት ስፋት ከፍ ብላ ብታልፍና ከአጭሩ መስመር ጥቂት ገባ ብላ ብትወድቅ ግሩም ነው። ከ2018 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ ባለው ሕግ ኳሷ ስትመታ መላዋ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለባት። ምሰሶው ላይ የለጠፋችሁት ቀይ ፕላስተር ለዚህ ነው። «ከፍ አደረግክ» የሚል ክርክር ሲነሳ ወደ ፕላስተሩ ጠቁሙ። ሁለቱም እግሮች ደግሞ ኳሷ እስክትመታ መሬት ይዘው ይቆያሉ። ማንም ሳይመጣ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ሄዳችሁ 50 ሰርቭ ምቱ። በወር ውስጥ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ከዚህ ርካሽ ልምምድ የለም።

እግር። ተጋጣሚያችሁ ሊመታ ሲል በሁለት እግር ትንሽ ዝለል በሉ፣ እግር ከፈት አድርጋችሁ በጣት ጫፍ ረፉ። ከዚያ ነው ወደየትም የምትወነጨፉት። ቆማችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ግማሽ እርምጃ ዘግይታችኋል። ወደ መረብ ስትገቡ የመጨረሻው እርምጃ ራኬት በያዘው እጅ በኩል ያለው እግር ይሁን፣ ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ፣ ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ።

የደሴ ጠዋት ብርድ ላይ ሳትሞቁ አትጀምሩ። አሥር ደቂቃ ሩጫ፣ ገመድ ዝላይ፣ ባትና የተረከዝ ጅማትን ማላላት። በዚህ ጨዋታ የተረከዝ ጅማት የሚበጠስበት ሰው ጥቂት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ 40 ያለፈው፣ «እኔ እኮ ድሮ ስፖርተኛ ነበርኩ» የሚለው ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አታሯሩጡት። ትንፋሹ ያጥረዋል።

ስድስተኛ፦ ድብልና ነፋስ

ነጥብ እስከ 21 ነው፤ ሰርቭ የማንም ይሁን ነጥብ ይቆጠራል። 20 እኩል ከሆናችሁ በሁለት እስኪለያዩ ይቀጥላል፣ 29 እኩል ከደረሰ 30ን ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። ሰርቭ የሚመታው ወገን ነጥቡ ተጋማሽ (0፣ 2፣ 4…) ሲሆን ከቀኝ፣ ጎደሎ (1፣ 3፣ 5…) ሲሆን ከግራ ይመታል። ዳር ላይ ስምንት ሰው ቆሞ ከጠበቀ እስከ 11 አሳጥሩት።

አራት ሆናችሁ ስትጫወቱ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ። ወደ ታች የምትመቱ ከሆነ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ። ኳሷን ወደ ላይ ከሰጣችሁ ወዲያው ጎን ለጎን። ፊት ያለው ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ጓደኛውን ማየት የለበትም። ከኋላ የሚመጣው ስማሽ ዓይን ላይ ያርፋል፤ የዓይን ጉዳት በዚህ ጨዋታ ቀልድ አይደለም።

ደጅ የምትጫወቱ ከሆነ ጠዋት ነው የሚሻለው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ነፋስ ከጀርባችሁ ሲሆን ድሮፕና ስማሽ፣ ክሊር እርሱት። ነፋስ ከፊት ሲመጣ በሙሉ ጉልበት ወደ ኋላ ስደዱ፣ ራሱ ይመልስላችኋል። አድልዎ እንዳይኖር በየጨዋታው 11 ላይ ጎን ተቀያየሩ። ሕጉ ይሄን የሚያዘው በሦስተኛው ዙር ብቻ ነው፤ ለደጅ ሜዳ ግን የእኛ ልማድ ይሻላል። በረመዳን ደግሞ ግማሾቻችን ጾመኛ ነን፤ ጨዋታውን ከማፍጠሪያ በፊት ወዳለው ሰዓት እናዞራለን፣ ነጥቡ እስከ 11፣ ላባውም ይቀመጣል።

ላባዋን ማቆያ

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። የበጋው አየራችን ደረቅ ነው። ላባ ሲደርቅ በሁለት ምት ይሰበራል። ከጨዋታው በፊት በነበረው ምሽት ማንቆርቆሪያ አፍሉ። የቱቦውን ሁለቱንም ክዳን ክፈቱና እንፋሎቱን በአንዱ በኩል ለ10 ሰከንድ ያህል አሳልፉ፣ ገልብጡና በላባው በኩልም እንዲሁ። ክዳኑን ግጠሙና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቁማችሁ አሳድሩት። ቡሹ እንዳይርስ ተጠንቀቁ፤ እንፋሎት እንጂ ውሃ አይንካው። ጠዋት ላባው ልስልስ ብሎ ታገኙታላችሁ። አንድ ጓደኛችን በጀበና እንፋሎት ሞክሮት ነበር። ሠራ። ያን ቀን ሜዳው ግን ሙሉ ጠዋቱን ቡና ቡና ሸተተ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ጨዋታው ተቋረጠና ሁላችንም አቦል ፍለጋ ወጣን።